ዮኩን የት ልሰረው? ጠረጴዛውን ልብሳው ወይስ ልተወው?

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ሲያዩት ቀላል ነው፣ እኔን ግን ሦስት ሳምንት አንገላቶኛል።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ያገለገለ ዮክ (የአውሮፕላን መሪ)፣ ባለ ሦስት ዘንግ ትሮትል (የሞተር ኃይል መጨመሪያና መቀነሻ)ና የእግር ፔዳል ይዞልኝ መጣ። ሻንጣ ውስጥ ከቫይታሚንና ከልብስ ጋር ተጠቅልሎ። እስከዛሬ ሲሙሌተሩን፣ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የበረራ ጨዋታ፣ የማበረው በኪቦርድ ነበር። አሁን እንደ ሰው ላብር ብዬ ተነሣሁ፣ ችግሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ጠረጴዛዬን የሠራው የሰፈራችን አናጢ ነው። ላዩ 18 ሚሊ ቺፑድ ነው፣ ከፊት ለፊት መሳቢያ አለው። የዮኩ ማሰሪያ ደግሞ የጠረጴዛውን ጠርዝ ከሥር ነክሶ ነው የሚይዘው። መሳቢያው ከለከለው። መሳቢያውን ነቅዬ ሳስረው ታሰረ። ከዚያ ሦስት ጣጣ መጣ። ዮኩ ደረቴ ጋ ደረሰና አሥር ደቂቃ ሳበር ትከሻዬ ይነድዳል። ፔዳሉ ላይ ፍሬን ስረግጥ ደግሞ ባለ ጎማው ወንበሬ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ባለፈው ቦሌ አርፌ ፍሬን ስይዝ አውሮፕላኑ ሳይቆም እኔ አልጋው ጋ ደረስኩ። ሦስተኛው፣ ማሰሪያው የነከሰው ቦታ ላይ ቺፑዱ መሰርጎድ ጀምሯል። ይሄን ባለቤቴ ገና አላየችም።

እና ምን ላድርግ? ጠረጴዛውን በትራፓኖ በስቼ በብሎን ልሰረው? ወይስ ለብቻው ማቆሚያ ላሠራለት? ያደረገው ሰው ካለ ልኩን ጭምር ይንገረኝ።

*

ከላይ ያለው የመጀመሪያው ጽሑፌ ነው። ከዚያ ወዲህ መልሱ 34 ደርሷል። ግማሹ ስለ ዮክ፣ ግማሹ ስለ መብራት፣ የቀረው ግልምጫ። በየቀኑ አዲስ ሰው እየገባ የተመለሰውን ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ላስቀምጠው። የተሳሳትኩ ካለ አርሙኝ፣ ለማረም መቼም ማንም አይሰንፍም እዚህ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ማርያም ማረችህ ሊለኝ ምንም አልቀረው። ከዚያ ትራፓኖውን አስቀምጬ መጀመሪያ ሜትር እንዳነሣ መከረኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ትከሻዬን ጥዬ፣ ክርኔን ጎኔ ላይ አድርጌ ክንዴን ወደ ፊት ስዘረጋ እጄ የሚያርፍበት ከፍታ ነው ለዮኩ የሚገባው፤ ጠረጴዛው የፈለገው ከፍታ አይደለም። ለካሁ። ጠረጴዛው 75 ሳንቲም። የዮኩ እጀታ መሀሉ 87። ክርኔ 70። ጭኔ ከላይ 62። እንግዲህ እጄ ከጭኔ 25 ሳንቲም ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው ማለት ነው። ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው ዮኩ ከጉልበት ብዙም አይርቅም፣ ክንድ ጭን ላይ አረፍ ብሎ በጣት ነው የሚያዘው። ጠረጴዛ ግን የተሠራው ለመጻፊያ ነው። ዮኩ በራሱ ሣጥን ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥበታል። ሁለቱ ተደምረው ዕዳውን ትከሻ ይከፍላል።

ይሄ መልስ ብቻ ክሩን፣ ይሄን ውይይት ማለቴ ነው፣ ይዘጋው ነበር። አልዘጋውም።

ቁጥር 2 ዮኩን ሸጬ ጆይስቲክ እንድገዛ ነገረኝ። ጆይስቲክ ጠረጴዛ ላይ የሚይዘው ቦታ የአንድ ሰሃን ያህል ነው፣ ማሰሪያም አይፈልግ፣ ዘንጉ የሚጠማዘዝ ዓይነት ከሆነ ፔዳልም አይፈልግ። እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ ግን ዮክ የድሮ ሰው ነገር እንደሆነ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ ኤርባስ ኤ350ን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ ሲያስገባ አብራሪዎቹ በጎን ጆይስቲክ እንደሚያበሩት ጨመረበት። ቁጥር 3 እዚህ ላይ ብድግ አለ። ያው አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ 777፣ 787ና ባለ ውልብልቢቱ ኪው400 እንዳለው፣ ሁሉም ላይ ያለው ዮክ እንደሆነ ቆጠረለት። ቁጥር 2 በሌላ ስም ተመልሶ ገባ መሰለኝ ቁጥር 4 ሆኖ፣ ዳይመንድ ዲኤ40 የምትባለው ትንሿ አውሮፕላን በሁለት ጭን መሀል ባለ ዱላ እንደምትበር አነሣ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ቺፑድ ነው።

ቁጥር 5 ነው ሰው ያደረገኝ። ይሄ ሰውዬ ብረትና እንጨት ሥራ ላይ የዋለ ነው፣ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ ነጥብ የለ፣ ሰረዝ የለ፣ ሁሉም ነገር በሚሊ ነው። ቺፑድ የተጨመቀ ሰጋቱራ ስለሆነ ብሎንም ቪቴም ጥርሱን ተክሎ አይቆምበትም። ዛሬ ይይዛል፣ ዮኩን በሳብክ በገፋህ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ አንድ ቀን ከነፍርፋሪው ይዞት ይወጣል። መብሳት ካለብኝ ከላይ እስከታች አሳልፌ እንድበሳ፣ ከሥር 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ እንዳደርግ፣ በኮምፔርሳቶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። እንዲህ ከሆነ ጭነቱ አንድ ነጥብ ላይ መሆኑ ይቀርና መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ይበተናል። ላለመብሳት ከፈለግኩም ምክሩ ያው ነው፦ በማሰሪያው ጥርስና በቺፑዱ መሀል ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ማስገባት። ከላይም ከሥርም። ጠረጴዛዬን የሰረጎደው የማሰሪያው ጥንካሬ ሳይሆን የጥርሱ ማነስ ነው። አምስት ሳንቲም በማይሞላ ፕላስቲክ ላይ ሙሉ ክንዴን እየጫንኩበት ነበር። የሚበሳበት ቦታ ላይ ስኮች መለጠፍ፣ ትራፓኖውን ቀስ ማድረግ፣ አለዚያ የላዩ ሽፋን እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል።

አንድ ነገር ሊጨምር ተመልሶ መጣ፣ ቁጥር 6 ራሱ ነው። የዮክ ማሰሪያን አጥብቄ አጥብቄ እንዳልሰብረው። መጥበቅ የሚያስፈልገው ዮኩ እስከማይንሸራተት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሚሠራው ፕላስቲኩን መስበር ነው። ከሥሩ ቀጭን ጎማ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ እንኳን ቢሆን፣ ከግማሽ ዙር ማጥበቅ ይበልጣል።

ቁጥር 7 ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚጽፈው። የሱ ጠረጴዛ ላዩ ለስላሳ ነጭ፣ ሲያዩት ወፍራም ጣውላ የሚመስል፣ ውስጡ ግን የካርቶን ቀፎ ነበር። አላወቀም። ዮኩን አስሮ ጢያራውን ለማስነሣት ሳብ ሲያደርግ ጠረጴዛው ተንኮታኩቶ ማሰሪያው ወደ ውስጥ ሰመጠ። አሁን ቀዳዳውን በፎቶ ፍሬም ሸፍኖት ይኖራል። ምክሩ አጭር ነው፦ ከማሰራችሁ በፊት ጠረጴዛውን በጣት አንኳኩት። እንደ ከበሮ ካስተጋባ አትሰሩበት። የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ማሰርን በተመለከተ አንድ ሰው ጠይቆ ነበር፣ ሦስት ሰው በአንድ ላይ ጮኸበት፣ ተገቢም ነው።

ቁጥር 8 ከሻርጃ ነው። አንድ ክፍል ለአራት ነው የሚኖሩት፣ ጠረጴዛ የለውም። 60 በ40 ኮምፔርሳቶ አስቆርጦ፣ ጆይስቲኩን መሀሉ ላይ በብሎን አስሮ፣ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያበረው። ሰሌዳው እንዳይሄድበት በአሮጌ ቀበቶ ጭኑ ላይ ያጠብቀዋል። ሲጨርስ ከፍራሹ ሥር ይገባል። ከሁሉም ያስቀናኝ ይሄ ነው፣ ከፍታው ከኔ ጠረጴዛ እጅግ የተሻለ ነው። የመሀል ዱላ ያለበት አውሮፕላን ለሚወድ፣ ሄሊኮፕተርም ጭምር፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ ምን አለ? አብረውት የሚኖሩት ልጆች ማታ ማታ ለመሳፈሪያ እንደሚከፍሉት ሲነግረን ክሩ ትንሽ ፈታ አለ።

ከዚያ ነገሩ ወደ ወንበሬ ዞረ።

ቁጥር 9 የወንበሩን ጎማዎች አሮጌ ሸራ ጫማ ውስጥ እንድከታቸው ነገረኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አምስት ጎማ ነው፣ አምስት ጫማ ማለት ነው፣ ሁለት ተኩል ጥንድ። ሞከርኩት፤ ይሠራል። አሁን የኔ ወንበር ጫማ አድርጎ ነው የሚቀመጠው።

ቁጥር 10 ግን ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። ፔዳሉን ወደ ፊት በገፋሁበት ልክ ፔዳሉም እኔን ከነወንበሬ ወደ ኋላ ይገፋኛል። ፔዳሉን ብቻ ግድግዳ ላይ ባስደግፈው ወንበሩ ይሸሻል። ወንበሩን ብቻ ባቆመው ፔዳሉ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለቱን እርስ በርስ ማሰር ነው። የወንበሩን እግርና ፔዳሉን በማይለጠጥ ጠፍር ካገናኘሃቸው አንዱ ሲሸሽ ሌላውን ይስበዋል፣ የትም አይሄዱም። ወለሉ ሴራሚክ ይሁን ምንጣፍ ከዚያ በኋላ ግድ የለም። የሚያምረው አሠራር ደግሞ ረዘም ያለ ኮምፔርሳቶ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ፔዳሉን ጫፉ ላይ በብሎን መምታት፣ በሌላው ጫፍ ላይ ለፊተኞቹ የወንበር ጎማዎች ጉድጓድ መብሳት ነው። በራስህ ክብደት ተጭኖ ይቀመጣል።

ቁጥር 11 አብራሪነት እየተማረች ያለች ልጅ ነች። ሁላችንንም አረመችን። ስለ ወንበሩ ስንጨቃጨቅ እግራችንን የት እንደምናደርግ ማንም አልጠየቀም። ፔዳሉ ሁለት ሥራ ነው ያለው፣ ሙሉው ወደ ፊት ሲንሸራተት ራደር ነው (ጭራው ላይ ያለው፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው መሪ)፣ ላይኛው ጫፍ በጣት በኩል ሲረገጥ ፍሬን ነው። ተረከዝ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ከጣቶቹ ቀጥሎ ያለው የውስጥ እግር ክፍል የፔዳሉ ታችኛው ጫፍ ላይ ያርፋል። ፍሬን ሲፈለግ ብቻ ነው እግር ወደ ላይ የሚወጣው። ብዙ ሰው ቤቱ ሲያበር እግሩን ሙሉውን ፔዳሉ ላይ ይሰቅልና እየተንደረደረ ሳያውቀው ፍሬን ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ አውሮፕላኑ አልነሣ አለኝ ይላል። ርቀቱን ለማወቅ አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው መግፋት፤ ያኔ ጉልበት ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ቀጥ ካለ ርቀሃል። ደግሞ ፔዳሉ፣ ዮኩና የስክሪኑ መሀል አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። የኔ ፔዳል በጠረጴዛው እግር ምክንያት ወደ ግራ 10 ሳንቲም ሄዶ ነበር። ወገቤን ለምን እንደሚያመኝ ያን ቀን ገባኝ።

እዚህ ድረስ እንዴት ያለ ጥሩ ክር ነበር። ቁጥር 12 መጣና አበላሸው። መጫወቻ መጫወቻ ነው፣ እውነተኛ አብራሪ እንዲህ ያለ ዕቃ ፊት አይቀመጥም፣ ልጅቷም በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደበረረች ትንገረን የሚል ነገር ጻፈ። ለወንድ መላሾች አንዱንም የበረራ ሰዓት አልጠየቀም፣ ልብ በሉ። ቁጥር 13 እሷው ነች። ሰዓቷን አልነገረችውም። ይልቅ የሱን ፔዳል ርቀት ጠየቀችው። እስካሁን አልመለሰም።

ቁጥር 14 በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ማንንም ሳይወቅሱ ገቡ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1929 ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ ቢንግሃምተን ከተማ ውስጥ የበረራ ማሠልጠኛውን ሲሠራ፣ የሚያወዛውዘው ከአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ በወሰደው ወናፍ እንደነበር ተረኩልን። ወናፍ! አንጥረኛ ቤት የምናውቀው ዓይነት። የእንጨት ሣጥን፣ አጫጭር ክንፎች፣ ከሥር ወናፍ። መጀመሪያ ቁም ነገር ብሎ የወሰደው አልነበረም፣ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ በሳንቲም ነበር ሰው የሚሳፈርበት። ከዚያ በ1934 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች የፖስታ በረራ ላይ በደመናና በጨለማ ሲያልቁበት ጦሩ ስድስቱን ገዛ። ጋሼ ሌላ አላሉም። ቁጥር 12 ዝም አለ። ለሁለት ቀን።

ከቁጥር 15 እስከ 19 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አንዱ ሊያርፍ ሲቃረብ መብራት እየሄደ ስንት ጊዜ እንደተከሰከሰ ጻፈ። ሌላው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ገዝቶ ኮምፒውተሩን ሰክቶ ስክሪኑን እንደረሳው፣ ስለዚህ ጨለማ ውስጥ በድምፅ ብቻ እንዳረፈ ነገረን። ከዚያ ስለ ጉምሩክ ሆነ። ከዚያ አንድ ሰው ላሊበላ ሲሙሌተሩ ላይ እንዴት እንደምታምር ሊያወራ ጀመረና ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዱ። መልካም በረራ፣ ግን ከርዕስ ውጭ።

ቁጥር 20 ደግሞ ከርዕስ ውጭ መስሎ ወደ ርዕስ የሚመልስ ሆነ። ትሮትሉ ተበላሽቷል ብሎ ያምናል። ዘንጉን እስከ ጫፍ ይገፋዋል፣ ቦሌ ላይ ሴስናዋ ታነክሳለች፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ መንደርደሪያው ያልቃል። ሦስት ጊዜ ካሊብሬት አደረገ (ልኩን እንደገና አስተካከለ)፣ ፈትቶ አጸዳ፣ ገመዱን ቀየረ። ሌላ አየር ማረፊያ፣ ባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ ሲሄድ ግን ይሠራል። ቁጥር 21 ያቺው የአብራሪነት ተማሪ ነች። ትሮትሉ ምንም እንዳልሆነ፣ ጥፋተኛው ከጎኑ ያለው ቀዩ ዘንግ፣ ነዳጁን ከአየሩ ጋር የሚመጥነው ሚክስቸር፣ እንደሆነ ነገረችው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ከኃይሉ ሩብ ገደማ ያጣል። በዚህ ላይ ሚክስቸሩን እስከ ጫፍ ከገፋኸው ነዳጁ ለአየሩ ይበዛና ሞተሩ ይታነቃል። ቀዩን ወደ ኋላ ሳብ፣ ዙሩ ሲጨምር ታየዋለህ። ልጁ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ እግሯን ሊስም ደረሰ። እኔም ዝም ብዬ ሄጄ ሞከርኩት። እኔም ትሮትሌን ስጠረጥር ነበር፣ እዚህ ለመጻፍ አፍሬ ነው።

ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት ይሄን እዩ ማለት ነው። ግን እውነት የተበላሸ ዕቃም አለ፣ ቁጥር 22 የጠየቀው እሱን ነው፦ በረራ መሀል ዮኩ ድንገት ይጠፋና ይመለሳል። ቁጥር 23 መልሱን በቅደም ተከተል ሰጠው። ዮክ፣ ትሮትልና ፔዳል ሁሉንም ኤሌክትሪክ በሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ መሰካት አይመከርም፣ ኃይሉ ላይበቃቸው ይችላል፤ የራሱ ቻርጀር ያለው ይሁን ወይ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ። ማራዘሚያ ከተጠቀምክ የዩኤስቢ 2 ገመድ ከ5 ሜትር አይለፍ። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢውን የሚያስተኛበትን ምርጫ አጥፋ። ደግሞ ሁልጊዜ ያንኑ ዕቃ ያንኑ ቀዳዳ ላይ ሰካ፣ አለዚያ አንዳንዴ ያስተካከልከው ሁሉ ይደበላለቅብሃል። ጥፍር ቀለም ለምኖ ቀዳዳዎቹን በቀለም ምልክት እንዳደረገባቸው ነገረን። እኔም ለምኛለሁ። ቀይ ዮክ፣ ሮዝ ፔዳል።

ቁጥር 24 እጁ ሳይነካው ዮኩ እየተንቀጠቀጠ አውሮፕላኑን እንደሚያወዛውዘው አነሣ። እዚህ ጋ ሁለት ሰው ተጣላ። አንደኛው የበር ማጠፊያ የሚቀባ ዘይት እንዲረጭበት መከረ፤ ቁጥር 26 ያ ሰው ዕቃ የሚገድል ምክር እንዳይሰጥ፣ የማያውቁትን መጻፍ ነውር እንደሆነ፣ ጠንከር ባለ አማርኛ ነገረው። ከስድቡ የተረፈው ቁም ነገር ይሄ ነው። ረከስ ባሉት ዕቃዎች ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚለካው ካርቦን ላይ የሚንሸራተት ምላስ ነው፣ እንደ ድሮ ራዲዮ የድምፅ መጨመሪያ። አቧራ ሲገባ ወይ ሲበላ ይንቀጠቀጣል። ለኤሌክትሪክ መገናኛ ተብሎ የተሠራ፣ ቶሎ የሚተንን ማጽጃ አለ፣ እሱ ነው የሚረጨው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የትረስትማስተር ቲ.16000ኤም ጆይስቲክ፣ በማግኔት ስለሚለኩ የሚፋተግ ነገር የላቸውም። ለጊዜው ግን ሲሙሌተሩ ውስጥ ገብቶ መሀሉ ላይ ትንሽ የሞተ ቀጠና (ዮኩ ቢነቃነቅም የማይቆጠርበት ክልል) መስጠት ይበቃል፣ ሦስት አራት በመቶ። ከበዛ ዮኩ ሰነፍ ይሆናል።

ከዚያ ቁጥር 2 ተመለሰ። ጆይስቲክ። ቁጥር 3ም ተመለሰ። እንደገና ኤርባስ፣ እንደገና ቦይንግ። የመድረኩ ጠባቂ ገብቶ ሁለቱንም በትሕትና፣ ከዚያ ያለ ትሕትና ዝም አሰኛቸው። ብቻ ከዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ ቁጥር 29 አንድ የሚረባ ነገር ነጥሎ አወጣ፣ ስለ ትሮትሉ ቦታ። ሴስና ላይ የግራ ወንበር ላይ ነህ፣ ግራ እጅ ዮክ፣ ቀኝ እጅ ትሮትል። ኤርባስ ላይ ካፒቴን ከሆንክ ጆይስቲኩ በግራህ፣ ትሮትሉ በቀኝህ፤ ረዳት ከሆንክ ተገላቢጦሽ። ተዋጊ ጄት ከሆነ ዱላው በቀኝ፣ ትሮትሉ በግራ። ስለዚህ ጠረጴዛ ከመብሳትህ በፊት ምን እንደምታበር ወስን። ቀዳዳ አንዴ ከተበሳ አይመለስም። ሁሉንም ማበር የሚፈልግ ሰው በብሎን ፈንታ በሞርሳ ዓይነት ማሰሪያ ይቆይ።

ቁጥር 31 ላይ ቁጥር 5 ሰውዬ በእጅ የሣለው ንድፍ ይዞ ብቅ አለ። ካሬ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ። የ30 በ30 ቱቦላሬ፣ ጠረጴዛው ሥር ሳይሆን ከጠረጴዛው ፊት የሚቆም፣ ላዩ ላይ ለዮኩ ሰሌዳ፣ ከሥር ፔዳሉ የሚታሰርበት እግር። ፔዳሉና ዮኩ አንድ ብረት ላይ ስለሆኑ እርስ በርስ አይሸሹም። የኔን ልክ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ፦ ዮኩን እስከ ጭን ማውረድ አይቻልም፣ ጉልበት ከሥሩ ማለፍ አለበት። እግሬን ፔዳሉ ላይ ዘርግቼ ጉልበቴ 54 ሳንቲም ላይ ነው። ሰሌዳው 58 ላይ፣ እጀታው ከዚያ 12 ወይ 13 ከፍ ይላል፣ 71 ገደማ። ከክርኔ ጋር እኩል ሆነ። ከ87 ወደ 71።

ቁጥር 32 ደግሞ ብረት ሳላስበይድ በፊት ነፃውን ዘዴ እንድሞክር ጠየቀኝ፣ ወንበሩን ከፍ ማድረግና ፔዳሉን በዚያው ልክ መሬት ላይ ከፍ ማድረግ። ሞከርኩት፣ 7 ሳንቲም አተረፍኩ፣ ጉልበቴ ግን የመሳቢያውን ባዶ ሐዲድ እየመታ ሰማያዊ ሆነ። ጠረጴዛው ሥር ምንም ለሌለው ሰው ይበቃል። ለኔ አልበቃም።

ስለዚህ አሠራሁት። ብየዳው ግማሽ ቀን ወሰደ። ሰሌዳውን ራሴ ቆረጥኩት፣ ጠርዙ ትንሽ ጠማማ ነው። የጠፋብኝ አንድ ነገር፣ ማቆሚያው ከጠረጴዛው ፊት ስለሚቆም እኔ 40 ሳንቲም ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ስክሪኑ ራቀ። ሲሙሌተሩ ውስጥ የመቀመጫውን እይታ ትንሽ ማቅረብ አስፈለገ። በምትኩ ዮኩ የስክሪኑን ሥር መሸፈኑ ቀረ፣ የአውሮፕላኑን የመለኪያ ሰዓቶች አንገቴን ሳላነሣ አያለሁ። ኪቦርዱ በቀኝ በኩል በርጩማ ላይ ነው። ትላንት ከቦሌ ተነሥቼ እንጦጦን በቀኝ አድርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ በረርኩ፣ ትከሻዬ ትዝ አላለኝም።

የተሰረጎደውን ቦታ ባለቤቴ አይታዋለች። መሳቢያው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አልተመለሰም፣ ኩሽና ገብቶ ሽንኩርት ይዟል፣ ይመለስ የሚል ጥያቄ ላቀርብ አቅሙ የለኝም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ቀኙ ፔዳል ወደ ፊት ሲሄድ ይጮኻል፣ ማታ ማታ ቤት ይቀሰቅሳል። ሐዲዱ ፕላስቲክ ነው፣ የሚንሸራተትበት ዘንግ ብረት። ፕላስቲክ የማይበላ ግራሶ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። የበር ማጠፊያ ዘይት የምትሉ ግን ቁጥር 26ን አንብቡ መጀመሪያ።